የፉርኖው ተራ

ጥቅምት ፪ ቀን ፲፱፻፴፩፣ ረቡዕ

ቡናው ቀላ። ከሃያ ስድስቱ ልጆች ዛሬ የመጡት አሥራ አንድ ናቸው። የቀሩት ከእናት ከአባታቸው ጋር ለቀማ ላይ ናቸው። ለአሥራ አንድ ልጅ ጮክ ብሎ ማስተማር ስለሚያሳፍር ድምፄን ዝቅ አድርጌ ዋልኩ። ተሻለ ሲያንቀላፋ አየሁት፤ አልቀሰቀስኩትም።

ጥቅምት ፬፣ ዓርብ

ካፒታኖው አስጠራኝ። ዲላን የሚያስተዳድረው ጣሊያን እሱ ነው። ትምህርት ቤቱም፣ እስር ቤቱም፣ የወታደሮቹ ዳቦ መጋገሪያም በእጁ ናቸው። አስተርጓሚው ገሪማ ከጎኑ ቆሟል። ገሪማ የሐማሴን ሰው ነው። ሲተረጉም ድምፁ የራሱ አይመስልም፤ ከቢሮ ሲወጣ ግን ጨዋታ አዋቂ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጥር መጀመሪያ ከበላይ አንድ የትምህርት ተቆጣጣሪ ይመጣል። ትልልቆቹ ልጆች፣ ማለት የእኔ ክፍል፣ ባዶ ወንበር ይዘው ሊጠብቁት አይገባም። ስለዚህ በየሳምንቱ ቅዳሜ በፈተና አንደኛ የወጣ ልጅ አንድ ሙሉ የፉርኖ ዳቦ ይሸለማል፣ እስከሚቀጥለው ቅዳሜም ደረቱ ላይ ቀይ ጥብጣብ አስሮ ይሰነብታል። ልጅ የሚማረው በሆዱ ነው አለ ካፒታኖው። ገሪማ ይህን ሲተረጉም መሬት መሬት ያይ ነበር።

ልወጣ ስል፣ "ሚስትህ ወንድም አላት መሰለኝ" አለኝ።

መሰለኝ ይላል እንዴ ሰው። ጓንጉልን ያሰረው ራሱ ነው። መስቀል ሳይደርስ ነው የተያዘው፣ በቅሎ ጭኖ ከገደብ ሲመለስ፣ ለአርበኞች እህል አቀብለሃል ተብሎ። አቀብሎ እንደሆነ እኔ ጠይቄው አላውቅም። ካፒታኖው ቀጠለና፣ ተቆጣጣሪው ተደስቶ ከሄደ እኔም እደሰታለሁ፣ ደስ ባለኝ ጊዜ ደግሞ አንድ ሰው መፍታት አይከብደኝም አለ። ከዚያ አንድ ጣሳ ስኳር አስጨበጠኝ። ለአስተማሪው ማበረታቻ ነው ተባልኩ። አመሰገንኩ።

ቤት ገብቼ ለስመኝ ሁሉንም ነገርኳት። ስኳሩን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችና፣ ጓንጉል ሲመጣ እንከፍተዋለን አለች። ለማንም እንዳትተነፍሺ ብዬ አስጠነቀቅኋት።

ጥቅምት ፲፪፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው ዳቦ ዛሬ ተሰጠ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ስለደረሰ ሃያ አራት ልጆች መጥተዋል። ካፒታኖው ስለ ሆድ የተናገረው እውነት ነው፤ ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም።

አንደኛ የወጣችው ወርቂቱ ናት። ይህ ማንንም አልገረመም። ወርቂቱ ይርጋጨፌ አጠገብ ኢዲዶ የሚኖር ጅግሶ የሚባል ገበሬ ልጅ ናት፤ እዚህ ዲላ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ ነው የምትማረው። አንድ ጊዜ የሰማችውን አትረሳም። እኔ ጣሊያንኛውን የምማረው ከልጆቹ አንድ ሳምንት ያህል ቀድሜ ነው፤ እሷ ግን አንዳንድ ቀን ቀድማ ትጠብቀኛለች። በአማርኛ ማስተማር ተከልክሏል። ማስረዳት ግን አልተከለከለም ብዬ ትእዛዙን ለራሴ ተርጉሜዋለሁ፣ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ሳስረዳ እውላለሁ።

ዳቦውን ስሰጣት ትገምጠዋለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ነጭ ዳቦ ነው፣ ገና ይሞቃል፣ ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል። ወርቂቱ በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች። ሌሎቹ ግር ብለው ተከተሏት። ሊነጥቋት ነው ብዬ እኔም ከኋላ ሄድኩ። የነጠቃት የለም። ከባሕር ዛፎቹ ሥር ክብ ሠርተው ተቀምጠው፣ ዳቦው መሃላቸው፣ እንደ ሽማግሌ እየተራረሙ ይነጋገሩ ነበር። ሲያዩኝ ወሬ ቀየሩ። ዳቦ ለማን እንደሚገባ ለመነጋገር ምን ያስፈልጋል፤ የተሸለመችው ታውቃለች።

ጥቅምት ፲፱፣ ቅዳሜ

ተሻለ አንደኛ ወጣ። ወርቂቱ በቃል ጽሕፈት አምስት ቃል ሳተች። ያለፈው ሳምንት ሽልማት አዘናግቷት ይሆናል።

ተሻለ ሰነፍ አይደለም፣ ግን አንደኛ የሚወጣ ልጅ አልነበረም። አባቱን ለመንገድ ሥራ ከወሰዱት ቆይቷል። እናቱ ደግሞ በዚህ ሳምንት ወልዳለች። በዚህ ሁሉ መሃል ማጥናቱ ደነቀኝ። ለክፍሉ ምሳሌ አድርጌ፣ ችግር የበረታ ልጅን አያሸንፍም ብዬ ትንሽ ንግግር አደረግሁ። በአክብሮት አዳመጡኝ። ከኋላ የተቀመጡት ሳቃቸውን የዋጡ መሰለኝ።

ጥቅምት ፳፮፣ ቅዳሜ

ቸኩያለሁ። አንደኛ ሮማነወርቅ። ቀና ብላ ሰው የማታይ ልጅ። ሰኞ ለት ቤታቸው ተቃጥሎ ጎረቤት ነው ያሉት። እንዲያም ሆኖ አጥንታለች። ሽልማቱ ተአምር እየሠራ ነው ብዬ ለካፒታኖው አስነገርኩ።

ኅዳር ፫፣ ቅዳሜ

ስመኝ ለጓንጉል ስንቅ አቀብላ ተመለሰች። አንገቱ ቀጥኗል አለች። ማታ፣ ተቆጣጣሪው መቼ ነው የሚመጣው አለችኝ። ትናንትም ጠይቃኝ ነበር። በጥር መጀመሪያ አልኳት፣ ትናንት እንዳልኳት።

ኅዳር ፲፯፣ ቅዳሜ

የባለሱቁ የሰይድ ልጅ አህመድ አንደኛ ወጣ። ይህን ዐረፍተ ነገር እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

አህመድ የተወደደ ልጅ ነው። ሒሳብ ግን ሲጠየቅ ጫማውን ነው የሚያየው። የሰባትን ማባዣ ሁለት ዓመት ደጋግሜ አስተምሬው አንድ ቀን ይዞ አላደረም። ዛሬ ሰባት ሦስት ጊዜ ስንት ነው ስል ተነሥቶ፣ "ሃያ አንድ" አለ። ሰባት ስምንት ጊዜስ ብዬ ልጥለው ሞከርኩ፤ እሱንም መለሰ። የመለሰው በትክክል እያሰበ ነው፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ። ያንኑ ጥያቄ ለወርቂቱ ሰጠኋት። ሰባት ሦስት ጊዜ ሃያ ነው አለችኝ፣ ዐይኔን ዐይኔን እያየች።

ልቤ ጠረጠረ። ይሁን እንጂ ካፒታኖው ትናንት ሲያልፍ በመስኮት አይቶ ወንበሮቹ በመሙላታቸው አመስግኖኛል። የሚመሰገን ሰው ብዙ አይመረምርም። ነገሩን አሳደርኩት።

ኅዳር ፳፮፣ ሰኞ

አሁንም ሌላ ልጅ ነው አንደኛ የወጣው። ስሙን መጻፍ ታከተኝ። ስመኝ ዛሬም ስለ ተቆጣጣሪው ጠየቀችኝ። ስንቅ ይዛ የሄደችው ቀን ጓንጉል ስለ በቅሎዎቹ ጠይቋት ነበር አለችኝ፤ ማን ያበላቸዋል ብሎ። በቅሎዎቹ ከተወረሱ ቆይተዋል። አልነገረችውም።

ታኅሣሥ ፬፣ ማክሰኞ

ካፒታኖው ተቆጣ። በየሳምንቱ ጥብጣቡ ደረት የሚቀይር ከሆነ አንደኛ የለህም ማለት ነው አለኝ። ለተቆጣጣሪው የማሳየው አንድ ልጅ ስጠኝ፣ ቁሞ ሲናገር የሚያበራ አንድ ልጅ። እንዲህ ያለ ልጅ ካለ የሌላው ነገር ይረሳል። ስለ ጓንጉል አላነሣም። እኔም አላነሣሁም። ሁለታችንም ስለሱ ብቻ ስንነጋገር እንደቆየን ግን አውቃለሁ።

ገሪማ እስከ በር ሸኘኝ። እዚያ በራሱ ድምፅ፣ "መምህር፣ ልጆቹ እኮ ይመካከራሉ" አለኝ። "መጋገሪያው ቤት ተርፎ የሚያድር ዳቦ አለ፤ አንድ ልስጥህ። ለሚናገር ልጅ ስጠው።" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ እኔ አልነገርኩህም አለ።

ታኅሣሥ ፲፣ ሰኞ

ጠዋት የገሪማን ዳቦ ይዤ ገብቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። አንደኛ ማን እንደሚወጣ የሚወስነው ማን እንደሆነ የነገረኝ ይህን ይወስዳል አልኩ። ቶሎ እንደማይናገሩ ገምቼ አለንጋውንም ይዤ ነበር። ወርቂቱ ወዲያው እጇን አወጣች።

"ተራ ነው፣ የኔታ" አለች። "ቡናም በተራ ነው የሚለቀመው። ዛሬ ሁሉም እነሱ ጓሮ፣ ነገ ሁሉም እኛ ጓሮ። የቸገረው ይቀድማል።"

ቀጥላም፣ የሒሳብ ጥያቄ የጠየቅኋት ይመስል፣ ከሀ እስከ ፐ አስረዳችኝ። መጀመሪያ እሷ የወሰደችው ገና ስላልተነጋገሩ ነው፤ እሱም ቅር ብሏታል። ከዚያ የተሻለ እናት ስለወለደች ተሻለ ቀደመ። የሮማነወርቅ ቤት ሲቃጠል እሷ ሦስተኛ ሆነች። አህመድ ቀደም ሊል ነበር፣ ግን ሮመዳን ሆኖ ስለሚጾም ዒድ እስኪያልፍ አሳለፉት። ሌሎቹ ተረኛው እንዲያልፍ በየተራ ይሳሳታሉ።

ተረኛው ካላወቀስ አልኳት። "ሳምንቱን ሙሉ እናስጠናዋለን" አለች። "ሳያውቅማ እንዴት ይበላል?"

አህመድ የሰባትን ማባዣ ያወቀው በዚህ ነው ማለት ነው፣ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ከእኔ ሁለት ዓመት በኋላ። ይህን ያሰብኩት አሁን ስጽፍ ነው። ያን ጊዜ አላሰብኩትም።

ቃል ገብቼ ስለነበር ዳቦውን ሰጠኋት። ተቀበለችና ዞር ብላ ከኋላዋ ለተቀመጠው ልጅ አቀበለችው። የዚህ ሳምንት ተራ የሱ ነው አለች። የተናደድኩት ያኔ ነው። አንደኛ አንድ ብቻ ነው፣ አንደኛ ማለት ሌላው ሁሉ ከኋላው የቀረ ማለት ነው እያልኩ ጮኽኩ። አንደኛ መሆን የማትፈልግ ልጅ ቦታዋ ቡና ሥር ነው፣ ሂጂ አልኳት። ደብተሯን ሰብስባ ሄደች። አልመታኋትም። ልጆቹ የደነገጡት አለንጋው እጄ ላይ ስለነበረ ብቻ ነው።

ታኅሣሥ ፲፭፣ ቅዳሜ

ሃያ ልጆች ተፈተኑ። ሁሉም እኩል ቁጥር አገኙ። ሁሉም እኩል ሳቱ ብል ይሻላል። አንደኛ የለም፣ መጨረሻም የለም። ዳቦውን ለማን እንደምሰጥ ቸግሮኝ ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ማንም ዞር ብሎ አላየውም።

ወርቂቱ አክስቷ ዘንድ የለችም። ባባረርኳት በነጋታው ወደ ኢዲዶ ሄዳለች አሉ፣ በእግሯ።

ታኅሣሥ ፳፣ ሐሙስ

ገሪማ ገበያ ውስጥ ዳር ይዞኝ ወጣ። ስምንት እስረኞች ተቆጣጣሪው በሄደ ማግስት በካሚዮን ወደ ሞቃዲሾ ይላካሉ። ጓንጉል አንዱ ነው፣ ካፒታኖው ካልሰረዘው። እዚያ የሄደ ሰው ይመለሳል ወይ አልኩት። ስለ ሽንኩርት ዋጋ አወራኝ፣ ወታደሮች እያለፉ ስለነበር። ካለፉም በኋላ ግን ወደ ጥያቄዬ አልተመለሰም።

ፈራሁ። በሌላ ቃል ልጽፈው ሞክሬ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ለስመኝ አልነገርኳትም። እሷ ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ። ሰይድ ሱቅ ጨው ልትገዛ ሄዳ፣ ለሚስቱ ለሀዲጃ ሆዷን ዘርግፋላታለች። ልጆቹ ተቆጣጣሪው ፊት ካኮሩልን ወንድሜ ይፈታል ብላ። ማን ሰማ አልኳት። ማንም አለች፤ አህመድ ብቻ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ነበር፣ ልጅ ምን ይሰማል። ተቆጣሁ። እሷም ተቆጣች። ሦስት ወር ሙሉ አፌን ዘግቼ የቀረሁት ላንተ ካፒታኖ ስል ነው አለችኝ። የእኔ ካፒታኖ ሆኗል እንግዲህ።

የስኳሩ ጣሳ ላይ ጉንዳን ወጥቶበታል። ጠርጋ መልሳ አስቀመጠችው።

ታኅሣሥ ፳፭፣ ማክሰኞ፣ ይርጋጨፌ

የሰው ቤት ነው የማድረው። ሻማ ስለሰጡኝ ሁሉን ልጽፍ።

ጠዋት ባዶ ከረጢት በጫነ ካሚዮን እስከ ይርጋጨፌ መጣሁ፣ ከዚያ ወደ ኢዲዶ በእግሬ። መንገዱን ሁሉ ምን ብዬ እንደምጀምር እለማመድ ነበር። የጅግሶን ቤት ለማግኘት አልተቸገርኩም፤ የዛሬው ለቀማ እሱ ጓሮ ስለሆነ ሰዉ ሁሉ እዚያ ነው። ሠላሳ ያህል ሰው ይሆናል። አንዱ ሲዘፍን ሌላው ይቀበላል። ወርቂቱ ሰሌን ላይ የተሰጣውን ቡና በእጇ ታገላብጥ ነበር። አየችኝ፣ እጅ ነሣች፣ ሥራዋን ቀጠለች።

ጅግሶ ከሥራው ተነሥቶ እንሰት ሥር አስቀመጠኝ። ቆጮ በጎመን ቀረበልኝ። ጾም መሆኑን ሳልናገር አውቆልኛል። ረዥም ሰው ነው፣ ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፤ በአማርኛው ሴቱም ወንዱም አንድ ነው። ምን እንዳመጣኝ ሳይጠይቅ እስክበላ ጠበቀኝ። ከዚያ፣

"ልጁ ቤት መጣ" አለኝ። "ምን አጠፋህ ብዬ ጠየቅሁ። አላጠፋሁም ይላል። አንተ ምን አጠፋ ትላለህ?"

አንደኛ መውጣት እምቢ አለች አልኩ። ስናገረው ክፍል ውስጥ እንደመሰለኝ አልመሰለኝም። ሽልማቱን አስረዳሁት። አንደኛ የወጣው ዳቦውን ብቻውን ይበላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩ። ሌላው ቁጭ ብሎ ያያል? አዎ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ እንዲበረታ ነው አልኩ። ሳቀ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። ያዘነልኝ መሰለኝ፣ እናም አፈርኩ።

ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ ለትምህርት ቤቱ ክብር ነው፣ ያለ እሷ አይሆንም አልኩት። ስለ ጓንጉል አልነገርኩትም። እዚህ ድረስ ተጉዤ ለምን እንዳልነገርኩት እኔም አልገባኝም። ሰውየው ቢሰማ የሚረዳ ሰው ነው። የሚያዝንልኝ ሰው ፊት ሁለተኛ ጊዜ መታየት አልፈለግሁም መሰለኝ።

ጅግሶ ልጅቱን ጠርቶ በራሳቸው ቋንቋ አነጋገራት። ትሂድ አትሂድ የሚለውን ለራሷ ተወላት። ወርቂቱ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ ተቆጣጣሪው ጥር በስንት እንደሚመጣና አህመድ የሰባትን ማባዣ አሁንም ያስታውስ እንደሆነ። ያስታውሳል አልኳት። እመጣለሁ አለች።

ታኅሣሥ ፳፱፣ ገና

ስመኝ ለጓንጉል ዶሮ ሠርታ ወሰደች። በዓል ነው ብላ ለመነቻቸው። መለሱባት። ዶሮውን ማንም አልበላውም፤ ለጎረቤት ሰጠነው።

ጥር ፪፣ ማክሰኞ

ወርቂቱ መጣች። ሃያ ስድስቱም ተሟሉ።

ለክፍሉ ቁርጡን ተናገርኩ። ሐሙስ ዕለት የምፈልገው አንድ አንደኛ ብቻ ነው፤ እሷም ወርቂቱ ናት። የቀራችሁት ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ እጃችሁን አታውጡ፣ አታስቸግሩኝ። አህመድ ተነሣና፣ ተራው የማን ነው የኔታ ብሎ ጠየቀኝ። ልቆጣ ነበር፣ ጊዜ የለኝም። የወርቂቱ ነው አልኩት። የማይመስል ነገር እንደሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀና ተቀመጠ።

በዕረፍት ሰዓት ባሕር ዛፉ ሥር ተሰበሰቡ። ረዥም ስብሰባ ነው። ሁለት ጊዜ ደውል አስደወልኩ። ዝም አልኳቸው፤ ለዚህች ሳምንት የነሱ መመካከር ለእኔም ይጠቅማል።

ጥር ፬፣ ሐሙስ

እንዳለ ልጻፈው።

ተቆጣጣሪው አጭር፣ መነጽር ያደረገ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ካፒታኖው ወርቂቱን ከፊት አቁሞ፣ ይህች ናት አንደኛዋ አለ። ቀይ ጥብጣቡን አስሬላታለሁ፣ ልብሷን ስመኝ አጥባላታለች። ተቆጣጣሪው ፈገግ አለና አመሰገነ። ከዚያ እንድትቀመጥ በእጁ አሳየ። የሄደበት ትምህርት ቤት ሁሉ የተዘጋጀ አንድ ልጅ እንደሚያሳየው፣ እሱ ደግሞ ያልተዘጋጁትን ማየት እንደሚፈልግ ተናገረ። ገሪማ ይህን ሲተረጉም አየኝ።

ከኋላ ወንበር ጀመረ። ተሻለን አስነሥቶ የሳምንቱን ቀናት በጣሊያንኛ ጠየቀው። ተሻለ ይህን በእንቅልፉም ይላል። ከረቡዕ ወደ ሰኞ ዘለለ። ሮማነወርቅን የሰውነት ክፍሎች ጠየቃት፤ ጆሮዋን ይዛ አፍንጫ አለች። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። እያንዳንዱ ቀጥ ብሎ ይነሣል፣ በግልጽ ድምፅ ይሳሳታል፣ ይቀመጣል። እስከ አምስተኛው ልጅ ፍርሃት ነው ብዬ ነበር።

ከዚያ አህመድ ተነሣ። ሰባት ሦስት ጊዜ ስንት ነው ተባለ።

"ሃያ" አለ፣ ዐይኔን ዐይኔን እያየ።

ያኔ ገባኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ቅንድቤን አነሣሁ። አንዲት ቃል ልናገር አፌን ስከፍት ተቆጣጣሪው ሳያየኝ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ አስቆመኝ። አህመድ ደስ ያለኝ መስሎት ፈገግ አለልኝ። ፊቱ የከበደ ሸክም ተሸክሞ በራፌ ያደረሰልኝ ሰው ፊት ነበር። ከእሱ በኋላ የተነሡት ሁሉ እንደዚያ እያዩኝ ተሳሳቱ።

ወርቂቱን የጠየቃት በመጨረሻ ነው። የጠየቃትን ሁሉ መለሰች፣ ያልጠየቃትንም ጨመረችለት። ተቆጣጣሪው ራሱ በእጁ ዳቦውን ሰጣት። ከዚያ ጓንቱን እያጠለቀ ለካፒታኖው ጥቂት ተናገረ። ገሪማ የተረጎመልኝ ግማሹን ነው። ለቀረው የእኔ ጣሊያንኛ ይበቃል። ከሃያ ስድስት አንዷ፤ ይህችም ያለ አስተማሪ የምትማር ናት። ዳቦው ከዛሬ ጀምሮ ይቁም፣ ዱቄቱ ለወታደሩ ይሻላል።

ካፒታኖው ሲወጣ በአጠገቤ አለፈ። የሚቆጣ ሰው እንኳ አይቶ ነው የሚቆጣው። አላየኝም።

ማታ ወደ ቢሮው ሄጄ በር ላይ ቆምኩ። ልጆቹ ያውቁታል፣ አንድ በአንድ ጥራቸውና ጠይቃቸው ብዬ ልለምነው። ገሪማ ወጥቶ፣ ተኝቷል አለኝ። መብራቱ በርቶ ነበር። ገሪማም መብራቱን እንዳየሁ አይቶ፣ "ወንድሜ፣ ወደ ቤትህ ሂድ" አለኝ።

ጥር ፭፣ ዓርብ

ጎህ ሲቀድ ካሚዮኑ በገደብ መንገድ ሄደ። ስመኝ መንገድ ዳር ቆማ ነበር። በሸራ ተሸፍኗል፣ ፊት አይታይም። ስሙን ጠራች። ከውስጥ "አቤት" ያለ ሰው አለ። ድምፁ የሱ ይሁን የሌላ አላወቀችም። ቀኑን ሙሉ እኔን ትጠይቀኛለች፣ እዚያ ያልነበርኩትን።

ጥር ፮፣ ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ወርቂቱ ናት። ዳቦውን በነጠላዋ ጠቅልላ ይዛለች። ያልተገመጠ ነው፣ ሁለት ቀን አድሮ ደርቋል።

"ተራው የናንተ ነው፣ የኔታ" አለች። "አህመድ ስለ እትዬ ስመኝ ወንድም ነገረን። ሌላ የቸገረው አልነበረም።"

ግቢ አልኳት። ገብታ ቁጭ ብላ፣ ሁለት ቀን መሳሳት እንደተለማመዱ አጫወተችን። ተሻለ በጣም አስቸግሯቸዋል፤ መልሱ ያመልጠዋል። አህመድን የሚያክል ግን አልተገኘም። ሰባትን ከተማረ ወዲህ አውቆ መሳሳት ያኮራዋል። የኔታ አንድ አንደኛ ብቻ ነው የምፈልገው ስላሉ፣ ማንም እንዳይቀላቀልባት ተማምለው ነበር። ስትናገር እየሳቀች ነው። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል።

ከዚያ ወደ ስመኝ ዞራ፣ "ወንድምዎ መጡ?" አለች።

ስመኝ እኔን አየችኝ። እኔ መሬት መሬት አየሁ። አስተማሪ ነኝ፣ መናገር ሥራዬ ነው። ስመኝ፣ "ይመጣል፣ ልጄ" አለቻት። ተነሥታ መደርደሪያው ጋ ሄደች። የስኳሩን ጣሳ አወረደች፣ ክዳኑን በቢላ ፈልቅቃ ከፈተች። ዳቦውን ሦስት ቦታ ቆረሰችና በላዩ ስኳር ነሰነሰችበት። ለልጅቱ ሰጠች፣ ለእኔ ሰጠች፣ የራሷን ይዛ ተቀመጠች። ወርቂቱ ስኳር በዳቦ በልታ አታውቅም። ጣቷን እየላሰች ነው የጨረሰችው። ስመኝም አንዲት ፍርፋሪ ሳታስቀር በላች፣ ልጅቱ እያየቻት።

ከእንግዲህ ዳቦ እንደሌለ ልነግራት አስቤ ተውኩት። እስከ በር ሸኘኋት። ቀዩ ጥብጣብ ደረቷ ላይ ነበር። ቅዳሜ ስለሆነ ልትመልሰው ይገባ ነበር። አልጠየቅኋትም።